አንደኛ ከአርባ ሦስት

ባለፈው ቅዳሜ ዱባይ ተራ ጫማ ልገዛ ገብቼ ሳልገዛ ወጣሁ። ጥፋቱ የጫማው አይደለም። ከጫማ ሱቁ አጠገብ አንዲት ልጅ የጥፍር ቀለም ትሸጣለች። አንዷን ጠርሙስ ከፍታ የደንበኛዋ አውራ ጣት ላይ ስትሞክር ሽታው መጣ። ቤንዚንም ከረሜላም የሚመስለው፣ አፍንጫ የሚቆነጥጠው ሽታ። አንድ እግሬ አዲሱ ጫማ ውስጥ ነበር። ባለሱቁ «እህት፣ ሌላውንም ለኪው እንጂ» ይለኛል፣ እኔ ግን መቀመጥ አቃተኝ። እግሬ መሄድ ፈለገ። የራሴን ጫማ በቅጡ ሳላስር ወጣሁና ከሰው ጋር እየተጋፋሁ ወደ አንዋር መስጊድ በኩል አመራሁ። ወዴት እንደምሄድ አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው። የምሄድበት ሱቅ ፈርሶ ፎቅ ከተሠራበት ዓመታት እንዳለፉም አውቃለሁ። ቢሆንም ሄድኩ።

አራተኛ ክፍልን በጨረስኩበት ክረምት ነው። ሰኔ ሠላሳ ካርድ ስንቀበል የኔ ላይ «ደረጃ» በሚለው ቦታ 39/43 ተብሎ ተጽፏል። ከአርባ ሦስት ተማሪ ሠላሳ ዘጠነኛ። አባዬ ካርዱን ገልብጦ ጀርባውን አየ፣ እዚያ የተሻለ ነገር የሚያገኝ ይመስል። ከዚያ አጠፈውና ኪሱ ከተተው።

«በቃ» አለኝ። «ክረምቱን ከደጅ አትወጪም። ቁጭ ብለሽ ታጠኛለሽ። ለመላክ ካልሆነ በቀር ያንን በር አታልፊውም።»

ቁጭ ማለት! አባዬ ሌላ ቅጣት ቢሰጠኝ ይሻለኝ ነበር። እማዬ ታውቀኛለች፣ «ምን፣ መቀመጫሽ ላይ እሾህ አለ?» እያለች ነው ያሳደገችኝ። አስተማሪዬም ካርዱ ላይ «አርፋ አትቀመጥም» ብላ ጽፋልኛለች፣ ደረጃው አልበቃ ብሏት። መጽሐፉን ስከፍት እግሬ ከጠረጴዛው ሥር ይሮጣል። ውጭ ደግሞ መርካቶ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ኩሊዎች «ጀርባ! ጀርባ!» እያሉ በጭቃው መሃል ይሮጣሉ፣ መኪናው ይጮሃል፣ ሻጩ ይጮሃል። ዓለም ሁሉ ሲሄድ እኔ የማባዛት ሠንጠረዥ ይዤ ተቀምጫለሁ። ለግቢያችን ልጆች ዘጠነኛ ወጣሁ ብያቸው ነበር። ሦስቷን ዋጥኳት። እነሱ «ዘጠነኛ ወጥታ ለምን ትታሰራለች?» እያሉ በመስኮት ያዩኛል።

አባዬ «ለመላክ ካልሆነ በቀር» ያላት ነገር ግን አዳነችኝ።

የአባዬ ታናሽ እህት ረዊያ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። የሴቶች ልብስ ትሰፋለች። የፊት ለፊቷ ክፍል ውስጥ ከስፌት መኪናዋ ጋር ከጠዋት እስከ ማታ ቁጭ ናት። ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነበር፣ አላገባችም። የሰፈር ሴቶች ከኋላዋ «ቆሞ ቀር» ይሏታል። እኔ ይሄ ነገር አይገባኝም ነበር። ረዊያ ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ እየዋለች እንዴት ቆሞ ቀር ትባላለች?

ክር የምትገዛው ከጋሽ ከድር ሱቅ ነበር። ጋሽ ከድር ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ ባለው መንገድ ክር፣ ዚፕና የልብስ ቁልፍ ይሸጣል። አርባን ያለፈ፣ ያላገባ፣ ጸጥ ያለ ሰው ነው፣ ሁልጊዜ አንድ ቡናማ ጃኬት። «እርስዎ» ስለው «ቆይ እንጂ፣ መቼ ሸመገልኩና!» ብሎ ስለተቆጣኝ አንተ እለዋለሁ። ሌሎቹ ልብስ ሰፊዎች ክር የሚገዙት በደርዘን ነው፣ ያዋጣላ። ረዊያ ግን አንድ አንድ ጥቅል ነው የምትገዛው። አንድ ጥቅል ቶሎ ያልቃል፣ ሲያልቅ ደግሞ እንደገና መሄድ አለ። እሱም ክሩን በወረቀት ጠቅልሎ ሲሰጣት «ነገም ያልቃል ኢንሻአላህ» ይላታል። እሷ ትስቃለች። ከአረፋ በኋላ ሽማግሌ እንደሚልክ ነግሯታል። ይህን የሰማሁት የዚፕ ሳጥን አጠገብ ቆሜ ዚፕ ስከፍትና ስዘጋ ነው።

አንድ ቀን ረዊያ ሥራ በዝቶባት እኔን ለክር ላከችኝ። ጋሽ ከድር ግራ ቀኝ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሙና፣ ሚስጥር ትይዣለሽ?»

«እይዛለሁ።»

«ኩቴክስ ግዢልኝ። ቀይ። ቲማቲም የመሰለ ቀይ፣ ሻጯ ሮዝ እንዳትሰጥሽ።»

«ኩቴክስ? ለማን?»

«አየሽ፣ እኔ ስሄድም እንደዚሁ ነው የሚሉኝ» አለ። «ለማን ነው ጋሼ እያሉ ሱቁን በሳቅ ያደበላልቁታል። ገዝተሽ ነይ፣ አሳይሻለሁ።»

በሩጫ ሄጄ በሩጫ ተመለስኩ። በመሰላሉ ወደ ቆጡ ወጣን። ከዚፕ ካርቶኖቹ ጀርባ አንድ ጣውላ አለ፣ ጣውላው ላይ ስድስት መኪና ተሰልፏል። እያንዳንዷ እጄን የምታክል። በር አላቸው፣ መስታወት አላቸው፣ ውስጣቸው ወንበር አለ፣ መሪያቸው እንደ ቀለበት ቀጭን ነው። ሦስቱ ፔጆ ናቸው፣ ሁለቱ ሬኖ፣ አንዷ ደግሞ ቁጭ ያለች እንቁራሪት የምትመስል ሲትሮይን። አንድ ነጭ ፔጆ ደግሞ ጎማ ሳይኖረው፣ ቀለሙ ተላጦ ጨርቅ ላይ ተኝቷል። እሱ ሰባተኛው ነው።

«የፈረንሳይ የቤት መኪናዎች ናቸው» አለኝ። «የድሮ። የጭነት መኪና አልሰበስብም፣ የእሽቅድምድምም አልሰበስብም። እናት፣ አባትና ልጆች የሚሳፈሩባትን ብቻ።»

የቤት መኪና። ወዲያው ገባኝ። ደጅ የሚሄደው የደጅ መኪና ነው፣ ቤት ውስጥ የሚኖረው ደግሞ የቤት መኪና። በእኛም ቤት የረዊያ የስፌት መኪና አለ፣ እሱም ከቤት ወጥቶ አያውቅም። የሚገርም ነገር አላየሁበትም።

የጋሽ ከድር አባት ድሬዳዋ ፔጆ ይነዳ ነበር። ዓርብ ከሰዓት ሰባቱንም ልጆች ጭኖ ያንሸራሽራቸዋል። «እኔ መሃለኛው ነኝ» አለኝ ጋሽ ከድር። «መስኮት ደርሶኝ አያውቅም። የሰው ትከሻ እያየሁ ነው ድሬዳዋን የዞርኩት።» ትንንሾቹን መኪናዎች አንዳንዶቹን ከውጭ የሚመላለሱ ነጋዴዎች ያመጡለታል፣ አብዛኞቹን ግን ምናለሽ ተራ ከተሰባበረ ዕቃ መሃል ለቅሞ ነው ያገኛቸው። የጠፋ ጎማ በጥቁር የሸሚዝ ቁልፍ ይተካል። የተላጠ ቀለም በኩቴክስ ይቀባል። ለትንሽ መኪና ከኩቴክስ የተሻለ ቀለም የለም፣ ብሩሹም ከጠርሙሱ ጋር ነው የሚመጣው።

አንዷን ልነዳት ስል እጄን ያዘኝ። ጎማዎቹ በሙጫ ተጣብቀዋል።

«ለምን አይሄዱም?»

«ከሄዱ ይወድቃሉ።»

«ቢወድቁስ?»

«ይሰበራላ!»

ይሄ መልስ አናደደኝ። መኪና ሆኖ ቆሞ መዋል! «እንግዲያው ቆሞ ቀር ናቸው» አልኩት። ጋሽ ከድር አንዷን በጃኬቱ እጅጌ መወልወል ጀመረ።

ተናድጄ አንዷን ገለበጥኳት። ከሆዷ ላይ 1/43 የሚል ጽሑፍ አለ። ሁለተኛዋን ገለበጥኩ፣ 1/43። ሦስተኛዋም፣ አራተኛዋም።  የእኛም ክፍል አርባ ሦስት ነው!

«ሁሉም አንደኛ ነው የወጡት?» አልኩት።

ጋሽ ከድር መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ፊቱን ወደ ካርቶኖቹ አዞረ፣ ትከሻው ግን ሲንቀጠቀጥ አይቼዋለሁ። «አዎ» አለ ሲመለስ፣ ኮስተር ብሎ። «ጎበዞች ናቸው። አንቺስ ስንተኛ ነሽ?»

ለሰው ሁሉ ዘጠነኛ ያልኩት እኔ፣ በእነዚያ ስድስት አንደኛዎች ፊት መዋሸት አፈርኩ። «ሠላሳ ዘጠነኛ» አልኩ። «ለማንም እንዳትነግር።»

«አልነግርም። አንቺም ስለ መኪናዎቹ አትንገሪ። የአርባ ዓመት ሰው ቆጥ ላይ ወጥቶ መጫወቻ ይቀባል ከተባለ በዚህ ሰፈር አለቀልኝ። አደራ። ሰባተኛዋን ጨርሼ ለረዊያ እኔው ራሴ አሳያታለሁ።»

አደራ አለኝ። በእኛ ቤት አደራ ከመሐላ ይከብዳል።

ያ ሐምሌ ደስ የሚል ሐምሌ ነበር። ረዊያ ለክር ትልከኛለች፣ ጋሽ ከድር ለኩቴክስ ይልከኛል። ሰማያዊ፣ ከዚያ የዕንቁላል አስኳል የመሰለ ቢጫ። ዝናቡ ቢመታኝ ጉዳዬም አይደለም። የኩቴክስ ሻጯ «ይቺ ልጅ ስንት ጥፍር ነው ያላት?» እያለች ትስቅብኛለች። አባዬ ሲጠይቀኝ «ተልኬ ነው» እላለሁ፣ ውሸት የለበትም።

ከዚያ የአውራ ጣቱ ነገር መጣ።

ቀለሙ ጠርሙስ ውስጥ ሲያዩትና ሲደርቅ አንድ አይደለም። ስለዚህ ጋሽ ከድር መኪናው ላይ ከማዋሉ በፊት አውራ ጣቱ ጥፍር ላይ ይሞክረዋል። አንድ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ረዊያና እኔ ሄድን። እሱ ከላይ ተንጠራርቶ ክር ሲያወርድላት ጥፍሩ ቀይ ሆኖ ታየ። ወዲያው እጁን መደርደሪያው ሥር ሸሸገ። ረዊያ አየችው። ሱቁም ይሸታል። ክሩን ተቀብላ «ነገም ያልቃል» እስኪላት ሳትጠብቅ ወጣች።

መንገድ ላይ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። «ሱቁ ውስጥ ሴት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላየሁም።»

«ወላሂ በይ።»

«ወላሂ።» እውነቴን ነው፣ ሴት አላየሁም። የሹራቤ ኪስ ውስጥ ግን ያልሰጠሁት አንድ ጠርሙስ ነበር፣ በእጄ ጨብጬው ሄድኩ።

እኔ ያኔ «ኩቴክስ የሸተተው ወንድ» ምን እንዳስቆጣት አልገባኝም። ማታ ለእማዬ ስትነግራት ነው የገባኝ። የምትሰግድ ሴት ጥፍሯን አትቀባም፣ ቀለሙ ውሃ ስለማያሳልፍ ከሶላት በፊት የምትታጠበው ውዱእ አይሞላላትም። ስለዚህ ረዊያ በሐሳቧ አንድ ሴት ሠራች። ኩቴክስ የምትቀባ፣ የማትሰግድ፣ የጋሽ ከድርን እጅ ይዛ እየሳቀች ጥፍሩን የምትቀባ ሴት። «ለእኔ ከአረፋ በኋላ ይለኛል፣ ከእሷ ጋር ይጫወታል» አለች። ሴትዮዋን ገንብታ ስትጨርስ እኔ እንኳን ላምናት ምንም አልቀረኝም።

በማግስቱ ለክር ላከችኝ፣ ወደ ሌላ ሱቅ። «ጥቁር» አለችኝ። «አንድ ደርዘን።»

ደርዘን! ያኔ ነው ነገሩ እንዳለቀ ያወቅሁት።

እህል በረንዳ ጤፍ የሚያከፋፍል አንድ ሰውዬ ነበር፣ ሚስቱ የሞተችበት። ክፉ ሰው አልነበረም። አባዬ ሁለት ጊዜ ስለ እሱ አንስቶባት ሁለቴም እምቢ ብላለች። በዚያ ሳምንት ግን ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል «እሺ፣ ይምጡ» አለችው። እሁድ ሽማግሌዎቹ ሊመጡ ሆነ።

እኔ ያን ሳምንት እንዴት እንዳሳለፍኩት ልንገራችሁ፣ አላሳለፍኩትም። ቁጭ እላለሁ፣ እነሳለሁ። እህል አልበላ አለኝ። አፌን ከከፈትኩ አደራ በላ ነኝ። ከዘጋሁ ረዊያ በሌለች ሴት ተናድዳ ልታገባ ነው። ሐሙስ ዕለት ሳልላክ ሾልኬ ጋሽ ከድር ዘንድ ሮጥኩ።

«ጋሼ፣ እሁድ ሽማግሌ ይመጣባታል። ልንገራት?»

እጁ ላይ የነበረውን የቁልፍ ጣሳ አስቀመጠ። «ክር ከሌላ ቦታ መግዛት ጀምራለች አሉ» አለ።

«አዎ። በደርዘን።»

«በደርዘን...» ፊቱ ጠቆረ። «ተያት ሙና። ሰው በፈቃዱ ነው የሚሄደው። አሁን መጫወቻ ይዤ ብሄድላት ደግሞ መሳቂያ ነኝ። አደራ ብዬሻለሁ።»

ሁለቱንም ልመታቸው ፈለግሁ። አንዱ ቆሞ ይጠብቃል፣ አንዷ ተቀምጣ ትናደዳለች፣ በመሃል የምሮጠው እኔ ነኝ።

እሁድ ሦስት ሽማግሌዎች ጃንጥላቸውን በር ላይ አራግፈው ገቡ። እማዬ ሻይ አቀረበች፣ እኔ ትሪውን ይዤ ቆምኩ። ስለ ዝናቡ ተወራ፣ ስለ ጤፍ ተወራ፣ ስለ ሰውየው ጨዋነት ተወራ። ረዊያ ተጠራች። በር ላይ ቆመች፣ ሻርፗን እየጠመዘዘች።

አባዬ «እንግዲህ ረዊያ፣ ከራስሽ አፍ እንስማው» አላት።

ረዊያ መሬት መሬት አየች።   ረዊያ ልትናገር ትንፋሿን ስትስብ ከእኔ አፍ ወጣ።

«ሴት የለውም! ኩቴክሱ ለመኪናው ነው!»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። «የማን መኪና?» አለ አባዬ።

«የጋሽ ከድር። የቤት መኪና ነው። ሰባት አለው።»

ትልቁ ሽማግሌ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ሰባት የቤት መኪና?»

የአባዬ ፊት ሲለዋወጥ አየሁት። ከድር፣ በአንድ ጃኬት ክረምትና በጋ የሚወጣው ከድር፣ ሰባት መኪና! «የት ነው የሚያቆማቸው?» አለኝ፣ ድምፁ ተለሳልሶ።

«ቆጥ ላይ።»

 ከዚያ አንዱ ሽማግሌ ሻዩ ትን አለው። ሁለተኛው ጀርባውን ይመታዋል፣ እማዬ ውሃ ፍለጋ ትሮጣለች። ረዊያ ግን አልሳቀችም። ወደ እኔ መጥታ ትሪውን ከእጄ ተቀበለች።

«ጥፍሩን ለምን ቀባ?»

«ቀለሙን ሊሞክር ነው። ጠርሙስ ውስጥና ሲደርቅ አንድ አይደለም።»

ይሄን ረዊያ ታውቀዋለች። ጨርቅም ሲታጠብና ሳይታጠብ አንድ አይደለም፣ ሁልጊዜ ቁራጭ ቆርጣ አጥባ ነው የምትሞክረው። ትሪውን አስቀመጠች፣ ሻርፗን አጠበቀች፣ ዝናቡ ውስጥ ገባች። እኔ ከኋላዋ፣ አባዬ «ረዊያ! እንግዳ አለ እኮ!» እያለ ከኋላዬ።

እሁድ መርካቶ ዝግ ነው። የጋሽ ከድር በር ግን ገርበብ ብሎ ነበር፣ ሽታውም እስከ ደጅ ይመጣል። ረዊያ ቀጥ ብላ መሰላሉን ወጣች። እሱ ብሩሹን እንደያዘ ብድግ አለ። መጀመሪያ እሷን አየ፣ ከዚያ ከኋላዋ ብቅ ያልኩትን እኔን። እኔን ያየበትን ዓይን እስከ ዛሬ አልረሳውም። አልተቆጣም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

የአባዬ ራስ በመሰላሉ ጫፍ ብቅ አለ። «ሰባቱ ይሄ ነው?» አለ። ሳቅና ቁጣ አንድ ላይ መጥተውበት የቱን እንደሚያስቀድም አላወቀም።

ረዊያ አንዱንም አልሰማችም። ቀዩዋን መኪና አነሳች፣ ወደ ብርሃኑ አዞረቻት፣ በጥፍሯ ጫረቻት።

«ይላጣል» አለች። «ሁለተኛ እጅ ያስፈልገዋል።»

«ሲደርቅ ልደግመው ነበር» አለ ጋሽ ከድር።

መኪናዋን ቦታዋ መልሳ አባዬን ከመሰላሉ አስወርዳ ወረደች። ከታች ሆና ተጣራች፦ «ከድር፣ ቀይ ክር ስጠኝ።»

«ስንት?»

«አንድ ጥቅል።»

 አባዬ በራችን ላይ ሲደርስ «ቆጥ ላይ!» አለና ግድግዳውን ተደግፎ መሳቅ ጀመረ።

ለረዊያ ነገሩ አለቀ። ለእኔ ግን አላለቀም። ጋሽ ከድር ከዚያ በኋላ ኩቴክስ ግዢልኝ አላለኝም። ለክር ስሄድ ሰላም ይለኛል፣ ክሩን ይሰጠኛል፣ በቃ። ወደ ቆጡ ውጪ የለ፣ ሚስጥር ትይዣለሽ የለ። በየቀኑ፣ ዛሬ ለግቢው ልጆች «ሠላሳ ዘጠነኛ ናት» ይላቸዋል እያልኩ እጠብቃለሁ። ይገባኛልም። የሱን ያወጣሁበት እኔ ነኝ። እሱ ግን አልተናገረም፣ ይሄም ባሰብኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ተልኬ መሄድ አስጠላኝ። ያን ክረምት አርፌ የተቀመጥኩት እነዚያን ሳምንታት ብቻ ነው፣ አባዬ ደግሞ ማጥናት ጀመረች ብሎ ደስ አለው።

አረፋ አለፈ። የጋሽ ከድር ሽማግሌዎች መጡ። ኒካህ የታሰረ ቀን ቤታችን በሰው ተሞልቶ እኔ በሩ ጥግ ተሸጉጬ ሳለሁ ሙሽራው አዲስ ጃኬት ለብሶ ወደ እኔ መጣ። የቁልፍ ማሸጊያ ካርቶን ሰጠኝ።

ነጩ ፔጆ ነው፣ ሰባተኛው። አራት ጥቁር የሸሚዝ ቁልፍ ጎማ ሆኖለታል፣ ግን በሙጫ አልተጣበቀም። በመርፌ ቁራጭ ላይ ነው የተሰካው፣ ሲነኩት ይዞራል።

«ይቺ ትሄዳለች» አለኝ።

«ብትወድቅስ?»

«እናነሳታለና።»

በልማድ ገለበጥኳት። ሆዷ ላይ 1 ቁጥሯ በቢላ ተፍቃ በቦታዋ በቀይ ኩቴክስ ሌላ ተጽፏል። 39/43።

ዓይኔ በእንባ ሞላ። «ጋሼ፣ እየሰደብከኝ ነው?»

«ከአንቺ በቀር ገልብጦ የሚያያት የለም» አለና ራሴን ዳበስ አድርጎ ወደ ሰዎቹ ተመለሰ።

ሰባተኛ ክፍል የሂሳብ አስተማሪያችን ስለ ስኬል ሲያስተምረን ነው 1/43 ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ። ደረጃ አይደለም። ከእውነተኛዋ መኪና አርባ ሦስት ጊዜ ታንሳለች ማለት ነው። ጋሽ ከድር ያኔ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ስቆብኝ ሳያርመኝ የተወኝ በዚህ ነው። ደብተሬ ላይ የኔን ፔጆ አሰላሁ። 39/43 የሆነች መኪና ቆጥ ላይ አትቆምም፣ በሱቁ በርም አትገባም። እናት፣ አባትና ሰባት ልጅ ጭና ድሬዳዋን ትዞራለች፣ መስኮትም ይተርፋታል። እነዚያ አንደኛ የወጡት እጄን የሚያክሉት ናቸው። እሷ ሙሉ መኪና ለመሆን የቀራት አራት ብቻ ነው።

ጋሽ ከድር ይህን አስቦ ይሁን ለቀልድ ጠይቄው አላውቅም። ያን ዕለት ግን ከክፍል ወጥቼ እስከ ሱቁ ሮጥኩ። ለካ ያን ክረምት፣ በር ተዘግቶብኝ ከማባዛት ሠንጠረዥ ጋር ስታገል፣ እኔም የቀረኝ አራት ብቻ ነበር።